ማቶኬ ቅጠል የለበሰው ሄልሜት

ኻሊዳዬ፣
መጀመሪያ ቁጭ በይ። ከዚያ አንብቢ።

ዛሬ በታክሲ ሂጂ እንጂ ቦዳ ሞተር እንዳትይዢ። ሄልሜትሽ ቤት የለም።

እሁድ አንቺ ሳትኖሪ የማቶኬ ሙዝ ቅጠል ለጥፌበት አረንጓዴና ቡናማ ቀለም ረጨሁበት። ለሙከራ ነበር። ልነግርሽ ስል ሳልነግርሽ ቀረሁ።

ጠዋት ያ አዳኞችን ጫካ የሚያስገባው ሰውዬ፣ ሚስተር ኦጓል፣ የቀባሁለትን የሩቅ ማያ መነጽር መያዣ ሊወስድ መጣ። መያዣውን ዞር ብሎም አላየው! ሄልሜትሽን አንስቶ፣ "ይሄ የወታደር አይመስልም፤ ፖሊስ የሠራዊት ዕቃ ነው ብሎ አያስቆመንም። አውሬም አያየንም። ዕቃዬን በሙሉ እንዲህ ቀቢልኝ" አለ። ቀስቱን፣ ቦርሳውን፣ መኪናውን ሳይቀር! ኻሊዳ፣ መኪናውን! ኩሽና ገብቼ ብቻዬን ዘለልኩ።

ሄልሜቱን ለናሙና ወሰደው። እኔም መኪናውን የምቀባበትን ጋራዥ ለማየት አብሬው ማኪንድዬ ሰፈር ሄጃለሁ። አዲስ እገዛልሻለሁ፤ ቀለሙን አንቺ ምረጪ።

መታጠቢያ ቤት ያለው፣ ወዲያው የቀባሁለት ቀስቱ ገና አልደረቀም፤ እንዳትነኪው። መስኮቱንም አትዝጊ። "ይሄ የቀለም ጣጣሽ ከቤት ይውጣልኝ" ብለሽኝ አልነበር? ይኸው መውጣት ጀመረልሽ።

ሰውዬው "ማን ነው የሠራው?" ሲለኝ፣ "እኔና እህቴ" አልኩት።
እህት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።

ሔሊና