ደለሉ ላይ ያለው ቤትህ

ውድ ሙሐሲን፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው፣ ሙቀቱስ ቀለል አለልህ ወይ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ እናትህ እቴቴም ደህና ናቸው፣ ልጅህ ሐያት ቆማ መሄድ ጀምራለች፣ አንተ ስትመጣ ትሮጣለች ኢንሻአላህ። ወደ ዓረብ አገር የሚመለሰው አዩብ ሁለት ነገር ይዞልህ ነው የሚመጣው፣ አንዱ አጎትህ አሕመድኑር የቀዱልህ ካሴት ነው፣ አንዱ ይቺ የኔ ደብዳቤ ናት። በአላህ ይዤሃለሁ ካሴቱን ከመስማትህ በፊት ይቺን አንብባት። አጎትህ ምን እንደሚሉህ አውቃለሁ፣ ውሸት አይናገሩም፣ ሱሀይላ የቤትህን ቆርቆሮ አስወረደች ነው የሚሉህ፣ እውነት ነው፣ አስወርጃለሁ። እዚህ ላይ አትቅደዳት፣ ጨርሳት።

እኔም በካሴት ልልክልህ አስቤ ነበር፣ ግን ቴፑ ያለው አጎትህ ቤት ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰው አይታጣም። ያንተንም ካሴት የሰማነው ቤት ሙሉ ሰው ሆነን ነው። «ሐምሌ ሳይገባ ልጄን ይዛ ቤቴ ካልገባች ወደ አባቷ ትሂድ» ስትል ሁሉም ወደኔ ዞረ፣ አንዷ የአጎትህ ልጅ «እስቲ መልሱት፣ በደንብ አልሰማሁትም» አለች፣ መለሱት፣ ሁለቴ ሰማሁት። መካነ ሰላም ወርጄ እንዳልደውልልህ ደግሞ ስልክ ቤቱ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ጆሮው እኛ ላይ ነው፣ አንተም ትቆጣለህ፣ አፌ ይያያዝብኛል። ስለዚህ በአራተኛ ክፍል ፊደሌ ጻፍኩልህ፣ የተበላሸውን አንተ አስተካክለህ አንብበው።

መጀመሪያ ስለ አፈሩ ልንገርህ። ደለሉን ታውቀዋለህ፣ ግን የምታውቀው በልጅነትህ ስትዋኝበትና ኳስ ስትጫወትበት ነው እንጂ ተኝተህበት አይደለም። ክረምት ወንዙ ይሞላና ሜዳው ላይ ይወጣል፣ ሲመለስ ከደጋው አጥቦ ያመጣውን ጥሎት ይሄዳል፣ ከባዱን አሸዋ እዚያው ዳሩ ላይ ይጥለዋል፣ ደቃቁን ግን ሜዳው ላይ ያስተኛዋል፣ በየዓመቱ አንድ ልብስ እንደመደረብ ነው። ሲደርቅ ላዩ እየተሰነጠቀ እንደ ቂጣ ጫፍ ጫፉ ይነሳል፣ ከሥሩ ግን እስከ ኅዳር እርጥብ ነው። ለዚህ ነው ዝናሽ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ከኛ ማሳ ቀጥላ ያለችው፣ ሌላው ሰው ውሃ ሲለምን እሷ ውሃ ሳታጠጣ ሽንኩርትና ጎመን የምታወጣው። ድንች ስትነቅል አፈሩ ይረግፋል፣ አይጣበቅም፣ ድንቹ የታጠበ ነው የሚመስለው። እንደ ጥቁሩ የዋልካ አፈር እግር ይዞ አያስቀርም። አመሉ አንድ ነው፣ ዝናብ መትቶት ወዲያው ፀሐይ ከወጣበት ላዩ ይጋገርና ቡቃያው መውጫ ያጣል፣ ዝናሽ ያኔ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተተች ላዩን ትሰብርለታለች። በእጅህ ብታሸው ዱቄት ነው፣ አርጥበህ ልትስበው ብትል ይበጠሳል፣ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች አልፈውት ነው የሚሄዱት። ለዘር ከሱ የተሻለ የለም ሙሐሲን። ለቤት ግን ወላሂ አይሆንም።

የተሳሳትነው ቤትህን በሠራንበት በደቦው ቀን ነው፣ ሁላችንም። ለጭቃ ቀዩን አፈር ከዳገቱ በአህያ ማምጣት ነበረብን፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ ግን ደለሉ እግራችን ሥር ነበረ፣ ድንጋይ የለው፣ እግር አይወጋ፣ ጭድ ተበተነበት፣ ወንዶቹ መንዙማ እያወረዱ በአንድ ረፋድ ረግጠው ጨረሱት። አጎትህ «የሙሐሲን ዕድሉ፣ ጭቃው እንኳን ራሱ መጣለት» አሉ፣ ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ምሳ አቀረብኩ። ዝናሽ ብቻ ከማሳዋ ቀና ብላ «ቤት ነው እንዴ የምትሠሩት? እኔ ጎመን ልትተክሉ መስሎኝ» አለች። ሳቁባት። «ይቺ ደግሞ ከሽንኩርት ሌላ አታውቅም» አሏት።

ሲደርቅ ደግሞ አማረ። አንድ ስንጥቅ የለው፣ ልስልስ ያለ፣ ከመንገድ የሚያልፈው ሰው መኪና ላይ ሆኖ ያየው ነበር፣ አንተም በካሴት «ቆርቆሮዬ ከመንገድ ይታያል ወይ» ብለህ ስትጠይቅ ይታያል ብለንሃል፣ አልዋሸንህም። በመጋቢት ሐያትን ይዤ ገባሁ። ከዚያ የበልጉ ዝናብ መጣ። ብዙም ዝናብ አይደለም እኮ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ሲረጭ ግርጌው እንደተላሰ ሆነ፣ የማዕዘኑ ምሰሶ ሰመጠ፣ በሩ አልዘጋ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐያት ተኝታ ነበር፣ አለቀሰች፣ አንስቻት ጡት ላጠባት በሩ ጋ ቁጭ ከማለቴ ግድግዳው ተኝታ የነበረችበት ቦታ ላይ ወረደ። ድምፅ እንኳን የለው፣ የዱቄት ከረጢት ከአህያ ላይ እንደሚወርደው ነው የወረደው። የተኛችበት ምንጣፍ አልታይ አለኝ። ያለ ሻርፕ፣ ያለ ጫማ ወጣሁ፣ እቴቴ ቤት እስክደርስ ምን እንዳልኩ አላውቅም።

አጎትህ መጥተው አዩትና «ልስን ነው የሚያንሰው» አሉ፣ «አዲስ ቤት እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፣ እስኪለምድ ትንሽ ይቀመጣል።»

«አባባ፣ ልጄ ላይ ነው የሚቀመጠው» አልኳቸው። እኔ ለሳቸው እንደዚያ መልሼ አላውቅም። ተቆጡ። ያን ጊዜ ነው ሸሽታ ወጣች ብለው ላንተ የላኩብኝ፣ አንተም ያንን ካሴት የላክኸው።

ካሴቱን ከሰማን በኋላ እቴቴም «እንግዲህ ግቢለት ልጄ፣ ባል ነው» አሉኝ። እኔ ማስረዳት አልችልም፣ ስፈራ ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ ከቤትህ ግድግዳ አንድ ጭብጥ አመጣሁ፣ ከእቴቴ ጓዳም ከቀዩ ግድግዳ አንድ ጭብጥ ፈነቀልኩ፣ የሐያትን መታጠቢያ ውሃ ሞላሁና ሁለቱንም ጨመርኳቸው።

«ምን እያረግሽ ነው፣ የልጅ መታጠቢያ ውስጥ?» አሉ።

«እቴቴ፣ ይዩልኝ።»

«ጭቃ ነው የማየው? ጭቃ ስረግጥ አይደል ያረጀሁት?»

ግን ቁጭ አሉ። ያንተው መጀመሪያ አረፋ አወጣ፣ ከዚያ ጎን ጎኑ መናድ ጀመረ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ ትንሽ ቆይቶ ጭዱ ብቻ ተንሳፈፈ። የጓዳው እንደተቀመጠ ነው፣ አነሳሁት፣ እጄ ላይ ሙሉውን ተነሳ። እቴቴ ጣታቸውን ነክረው ፈለጉት፣ የለም።

«ይሄ የቀረው የኔ ነው?»

«አዎ፣ የጓዳዎ ነው።»

«ያስ?»

«የሙሐሲን።»

«ልጄ እዚያ ፀሐይ ላይ የሚነደው ለዚህ ነው?» አሉና ውሃውን ደፉት። ከዚያ በኋላ ግቢ አላሉኝም።

የድንጋይ መሠረት ይውጣለት ትል ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ። ቤቱን የሠራው አናጢ አራጋው መጥቶ ማዕዘኑ ጋ ቆፈረ፣ የሰው ቁመት ወረደ፣ ዱቄት ነው፣ ድንጋይ የለም፣ ከዚያ ከሥር ውሃ ብቅ አለ፣ ጉድጓዱ ዳር ዳሩ እየተናደ ራሱን ደፈነ። ወንዙ ያመጣውን አፈር ሊያየው መምጣቱ አይቀርም ሙሐሲን። ዘንድሮ ላይመጣም ይችላል። አንተም ቆሞ ይከርም ነበር ብትለኝ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን ልጄን ይዤ ልሞክረው አልችልም።

ባለፈው ሳምንት አራጋውን ቆርቆሮውን አውርድልኝ አልኩት።

«ባልሽ ቢሰማ ይገድለኛል» አለኝ።

«እኔን ነው የሚገድለኝ።»

«እንዲያ ከሆነ ነይ መሰላሉን ያዢ።»

ግማሹ ሲወርድ አጎትህ ደረሱ፣ ከመንገድ አይተውት ነው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «የወንድ ቤት በሴት ቃል አይፈርስም» አሉ። እቴቴ ሐያትን አዝለው ቆመው ነበር፣ «የማን ቃል ነው የምትፈልገው አሕመድኑር፣ አባቱ ሞቷል፣ እኔ ወልጄዋለሁ፣ ይበቃሃል?» አሏቸው። ተመልሰው ሄዱ። ሄደው ካሴቱን ቀዱ። አትቀየማቸው፣ ላንተ አስበው ነው፣ ቤቱንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ልባቸው አዝኗል። እቴቴ ፈቀዱ ብዬም በሳቸው ላላክክ አልፈልግም፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ቆርቆሮው አንድም አልተቀደደም፣ እቴቴ ጓሮ ተደርድሯል፣ ምስማሩንም አቃንቼ በጣሳ አስቀምጫለሁ። በሩንም ነቅለነዋል፣ ያንተን ሰማያዊ የብረት በር፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሐያት ስታንኳኳው ትውላለች፣ ከፍተህ የምትወጣ ይመስላታል። ግድግዳው እዚያው ይሟሟ፣ ጭዱም ለመሬቱ ይሆነዋል። መስከረም ጎርፉ ሲሸሽ ቤትህ በነበረበት ላይ ሽንኩርት እተክላለሁ፣ ዝናሽ ችግኝ እሰጥሻለሁ ብላኛለች፣ «ያኔ ነግሬያችሁ ነበር» ሳትለኝ ደግሞ አላለፈችም።

ቤቱን ግን አልተውኩትም። ከመስጊዱ በላይ ካለው ከአባትህ ድርሻ፣ ቀዩ አፈር ላይ ቦታ አይቻለሁ። አራጋው ቆፍሮ በክንዱ ልክ ሳይወርድ ድንጋይ አገኘ። ዳገት ነው፣ ውሃ መቅጃ ይርቀኛል፣ እችለዋለሁ። ከዚያም ላይ መንገዱ ይታያል፣ ከመንገዱም ቆርቆሮው ይታያል፣ እንዲያውም ከሩቅ ነው የሚታየው።

ሐምሌ እየመጣ ነው፣ እኔም እየፈራሁ ነው፣ መኪና በቆመ ቁጥር ያንተ ካሴት የመጣ ይመስለኛል። የምትፈታኝ ከሆነ አደራህን በካሴት አታድርገው፣ በወረቀት ጻፈውና ብቻዬን ላንብበው። የማትፈታኝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምንም አትጻፍልኝ፣ አራጋው እየጠየቀኝ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ በሩ ወደ መንገዱ ይዙር ወይስ ወደ ወንዙ?

በዱዓዬ አለህ፣
ሱሀይላ፣ የሐያት እናት