የቀርከሃው ደጋን

ይድረስ ለታላቄ ለጋሼ ይርሳው፣ ሐረር ጦር ሰፈር። ወደዚያ የሚነፍሰው ነፋስ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርስልኝ። እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነን።

ይህን ሌላ ሰው የጻፈልኝ እንዳይመስልዎ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን እንደ በሬ ጠምጄዋለሁ፤ መምህራችን ሳይቀሩ ይፈሩኛል።

አባታችንን የገደለው ያ እንዳለው ከእስር ወጥቶ ጅጋ ገበያ ላይ ሲስቅ አየሁት። ደማችን ሳይመለስ ፀጉሬን አልላጭም ብያለሁ። ጠመንጃውን ለተዝካር ስለሸጥነው ደጋን ሠራሁ። የመጀመሪያው ቀርከሃ ለጋ ነበርና ስወጥረው ተሰብሮ አገጬን መታኝ። ሁለተኛውን ከጎለመሰው ቆርጬ፣ ከምድጃ በላይ ሰቅዬ ጢስ አጥግቤ፣ በበሬ ጅማት ወጠርኩት። ጎጃም እንዲህ ያለ ደጋን አላየም! እንዳለው ሳቁን ይጨርስ።

ትናንት ከእርሻ ስመለስ ግን እናታችን በደጋኔ ጥጥ ስትነድፍ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ይህ እኮ የሰው መግደያ ነው!» አልኳት።

«አውቃለሁ። የምነድፈውም ለመግነዝ ነው።»

«የእንዳለውን ቁመት በምን ለካሽው?» ብዬ ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «ከአንተ ጋር እኩል ናችሁ፤ ለየትኛችሁም ይሆናል» አለችኝ።

ጋሼ፣ ለፋሲካ ፈቃድ ካገኙ ይምጡ። ካልሆነም ቶሎ ይጻፉልኝ። ታላቄ ነዎትና «ተው» ቢሉኝ ቃልዎን መሻር አልችልም።

በያሉበት የእናታችን ጸሎት ይከተልዎ።

ታናሽዎ እጅጉ፣ ከፍኖተ ሰላም።