በግሪኩ ምድጃ የተጋገረ ሙልሙል

ያኒዬ፣ ጓዴ፣

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርሁትን ላንተ ልጽፍ ነው። በመጀመሪያው ቡሄያችን፣ ሰው ሁሉ በሳቀብህ ቀን፣ ስህተትህን አስቀድሜ አውቄው ነበር።

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ቤታችን ደኅና ነው። ልጃችን ኮስታ ሰላም የምትባል ጭምት ልጅ አግብቷል። መደርደሪያው ላይ አሁንም አይብ፣ ሳልሳና ያ ጨዋማ የወይራ ፍሬህ አለ። እማሆይ ወለተ ዛሬም በመጡ ቁጥር «ወይራ ለጪስ እንጂ ለጉርስ ይሆናል?» እያሉ ያላግጣሉ፤ ሳይቀምሱ ግን አይወጡም። እኔም ድሮ ከዱቄት ጆንያ ላይ በለቀምሁት ፊደል ይኸው እጽፍልሃለሁ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ከድሬዳዋ መጥተህ ይህን ሱቅና ዳቦ ቤት ከፈትህ፤ እኔንም አገባህ። ለቡሄ ሙልሙል ጋግረህ በመስኮቱ ደረደርህና ዋጋ ለጠፍህበት። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። በከተማችን በደብረ ታቦር የቡሄ ሙልሙል በየቤቱ ተጋግሮ ለጨፋሪና ለክርስትና ልጅ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ግን አዲስ ሙሽራ ነበርሁ፤ ባልን ማረም ነውር መሰለኝና ዝም አልሁ። ደንበኞች ገቡ። «አይ ግሪኩ! ነገ ደግሞ ጠበል ትሸጥልናለህ!» አለችህ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፊትህ ሲቀላ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አየሁ። ያች ዝምታዬ ዕድሜያችንን ሙሉ ከሆዴ አልወጣችም።

አንተ ግን አልተቆጣህም። ዋጋውን ገነጠልህና «እንግዲያ ሊጡ ከእናንተ፣ እሳቱ ከእኔ። በአባቴ አገር የመንደሩ ሰው የበዓሉን የሚጋግረው ባለ ዳቦው ምድጃ ላይ ነው» አልህ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሰፈራችን ሴት ሊጧን ይዛ መጣች። አንዷ በአውራ ጣቷ ትወጋዋለች፣ ሌላዋ በሰንደዶ መስቀል ትሠራበታለች። የአንዷን ለሌላዋ ሰጥተህ አታውቅም። ሰውም «ግሪኩ» ማለቱን ትቶ «የኛው ግሪክ» አለህ። ያን ስሰማ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ለብቻዬ እስቅ ነበር፤ ኩራት ነው።

ተዝካርህ እንዳለፈ ኮስታ «እማ፣ ምድጃውን አፍርሰን ክፍሉን ለሞባይል ሱቅ እናከራየው» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ከአንተ ወዲህ ምድጃውን የሚይዝ ሰው አጥተን ነው። እንደ ልማዴ ዝም አልሁ። ግንበኛው ከቡሄ ማግስት እንዲመጣ ተነገረው።

በዋዜማው በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩ ሊጧን በትሪ ተሸክማ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሴቶቹ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፈዋል።

«ምነው፣ እሳቱ አልተያያዘም እንዴ?»

ኮስታ «ዘንድሮ እንኳ...» ብሎ ሲጀምር «ይያያዛል!» አልሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ኮስታ፣ እንጨት አምጣ። ምድጃው አይፈርስም። እኔ እይዘዋለሁ።» ልጅህ እንጨቱን ሊያመጣ ሄደ።

የመጀመሪያው ትሪ ከሥሩ አረረብኝ። እትዬ ጥሩ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ግድ የለም፣ ጨፋሪ የሚያየው ላይ ላዩን ነው!» አለችና ሴቶቹን አሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሁለተኛው ትሪ አማረ። ሦስተኛውን ብታየው በኮራህ ነበር። የማንም ሙልሙል ከማንም አልተቀላቀለም።

ከበዓሉ በኋላም እሳቱን አላጠፋሁትም፤ ግንበኛው በመጣ ጊዜ ያገኘው የነደደ ምድጃና ትኩስ ዳቦ ነው። በልቶ ሄደ።

እኔ አንተን የማስታውሰው በቃል ብቻ አይደለም። እግሬ እስከሚችል ድረስ ሊጥ ይዞ የመጣን ሰው ከዚህ በር አልመልስም።

ሰላም አሁን ባንኮኒው ላይ አብራኝ ትቆማለች። ኮስታ ለደንበኛ የማይሆን ነገር ሲናገር እያወቀች አንገቷን ትደፋለች። ዛሬም ደፋች። ስለዚህ ይህን ወረቀት እንዳሰብሁት ከመቃብርህ ሥር አላኖረውም። የምሰጠው ለእሷ ነው፣ ለምራትህ ለሰላም።