ፍልሰታን በፓሪስ

ፌበን፣

ኤርፖርት አልመጣም፤ አብሬሽ መጓዙን ትቼዋለሁ። ታክሲውን ለብቻሽ ጥሪ። ፓስፖርትሽ ቲቪው አጠገብ ነው፤ እንደ ልማድሽ ረስተሽው እንዳትሄጂ።

አስራ አንድ ሬስቶራንት ቡክ ስታደርጊ አንዴ እንኳ ካላንደር አላየሽም። ለንደን ቁርሱ የአሳማ ቋሊማ፣ ፓሪስ ምሳው ቀንድ አውጣ በቅቤ፣ ሊዮን እራቱ የበሬ ጨጓራ። ይኼ ሁሉ በፍልሰታ! በናንተ ቸርች ፍልሰታ የለም፣ እሺ። ግን ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ነሐሴ ላይ ምን ስበላ አይተሽኛል?

"አንቺ ሰላጣ ታዢያለሽ" አልሽኝ። ለሰላጣማ እዚሁ ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን ምን አነሰኝ?

ደግሞ ለመብላት ልምምድ የሚያደርግ ሰው ባንቺ አየሁ! "ምላሴን ላለማምደው" ብለሽ ያንን የፈረንሳይ አይብ አምጥተሽ ፍሪጁን አገማሽው።

እኔ ሁለቱን ሳምንት ዌስተን፣ እህቴ ጋ ነኝ። ኮል አታድርጊልኝ። ስትመለሺም የምግብ ፎቶ እንዳታሳዪኝ።

አይቡን አትፈልጊው፣ የለም።
ረቡዕ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ፍሪጁ በር ላይ ቆሜ ጨረስኩት።
ዳቦ እንኳ አልፈለግኩለትም።

ተናኜ