ሙሽራዋን የሚያመጣው ቸርኬ

ማክሰኞ፣ ጥር 5። ጠዋት

ሱቅ ከፈትኩ። ስንዴ አልገባም፤ አቀስታ ላይ ጉሙ መንገድ ይዟል ይላሉ። እዚህ መካነ ሰላም ፀሐይ ነው። አሮጌዋ መኪና በሩ ላይ ጤዛ ለብሳ ቆማለች። የኋላ ግራ ጎማዋ ክዳን፣ ኮፓው፣ ከወደቀ ቆየ፤ የዛገው የብረት ቸርኬ ይታያል።

ልጄ አንዋር ቁርስ ላይ የመኪናውን ነገር እንደገና አነሳው። ሠርጉ ረመዳን ሳይገባ ነው። ሙሽራዋ ሐያት የአቀስታ ልጅ ናት። ልጄ ከደሴ የምታብረቀርቅ መኪና ልከራይ ይላል። በዚህች ከማመጣት አዝያት ብመጣ ይሻላል አለ። ልጅቷን አይቻታለሁ፣ መጀመሪያ ወገብህን አማክር አልኩት። ሳቅን።

ለአንተ ግን ልንገርህ፣ ዝምተኛው ደብተሬ። መኪናዋ የአባቱ ናት። ሁሴን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የልጄን ሙሽራ በዚህች ነው የማመጣት ይል ነበር። እሱ የለም። እሷ አለች። ከዚህ ሠርግ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሐያት ከእሷ ላይ ስትወርድ ማየት።

ተደራደርን። ብረቱ ይውጣ፣ ቀላሉና የሚያብረቀርቀው አሎይ ቸርኬ ይግባላት። ካማረች አልከራይም አለ። ቃሉን ያዝኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 6። ከሰዓት

ጌትነት ጋ ሄድን። ጎሚስታ ነው፣ የሁሴን የልብ ወዳጅ። የሠርጉ ቀን የሚነዳውም እሱ።

የኛ ቸርኬ ባለ 14 ኢንች ነው። አንዋር ስልኩ ላይ የመረጠውን አሳየ፤ ባለ 17፣ ጥቁር በብርማ። ጌትነት ረጅም ጊዜ አየው። ፋጤ፣ ይቺ አሮጊት ባለ ተረከዝ አጥልቃ ሠርግ ልትወጣ ነው እንዴ አለኝ። አንዋር አኮረፈ።

የገባኝን ልጻፍ። ቸርኬው ባደገ ቁጥር ጎማው መሳሳት አለበት፤ የሁለቱ ድምር ቁመት ከድሮው መራቅ የለበትም። ከራቀ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል። ይሄ አልከበደኝም። ሚዛን ሲዋሽ ስንቴ አይቻለሁ። የቡሎኑ ቀዳዳም አለ፤ የኛዋ ባለ አራት ናት። መጀመሪያ ልባችንን የወሰዱት ቸርኬዎች ባለ አምስት ሆነው ተገኙ። ተውናቸው።

ዓርብ፣ ጥር 8። ማለዳ

ሕልም። መኪናዋ ጉም ላይ ትሄዳለች። ከታች ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ዓባይ። ጎማ የላትም፤ ግን አትወድቅም። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁሴን ከኋላ ተቀምጧል። በሕይወቱ ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። በመስታወቱ አየሁት፤ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፣ እንደ እንግዳ።

ነቃሁ። ሱብሒ ሰገድኩ። እጄ መሪ የጨበጠ ያህል ተጨብጦ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ከተማው ሁሉ ታቦት ሸኝቷል። ሱቅ ዘጋሁ። ከሩቅ ከበሮ ይሰማል፣ ንፋሱ ያመጣዋል፣ ይወስደዋል። ከመኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሞተር አላስነሳሁም። ወንበሩ ፀሐይ ጠጥቶ ይሞቃል። ሁሴን መንዳት ያስተማረኝ ከከተማው ውጭ ሜዳው ላይ ነበር። ዝም ብሎ ነበር የሚያስተምረኝ። ስሳሳት ብቻ ያፏጫል።

ጎረቤቶች ይጠይቃሉ። ሙሽራ በር ላይ ደርሳ አልወርድም ስትል ምን ቃል ልትገቢላት ነው? አንዷ ጊደር አለች፣ አንዷ የወርቅ ሐብል። አማት ካልሰጠች ሙሽራ እግሯን መሬት አታስነካም፤ ደጋሹም ቆሞ ይጠብቃል። አስባለሁ አልኩ። አላሰብኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 13። ከሰዓት

ጌትነት ከአንድ ሹፌር ባለ 17 ለሙከራ ተዋሰ። ገጠማቸው።

አማረች። መዋሸት አያስፈልግም። ሌላ መኪና ሆነች፣ ደረቷን የነፋች። አንዋር ከተማውን ዞረባት፤ ሰው ከሱቅ እየወጣ አየ። ጎማው የትም አልነካም፣ በቃ እንደነዚህ ያሉትን እንግዛ አለ። ጌትነትም በእጁ ለካ፤ ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ፣ በታች ጣት ያስገባል፣ ምንም አይልም አለ።

እሺ ልል ነበር። አንድ ነገር ያዘኝ። የለካናት ባዶዋን ነው። ሙሽራ መኪና ባዶዋን አትሄድም።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጠዋት ከመጋዘን አራት ማዳበሪያ ስንዴ አስወጣሁ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ኩንታል። አንዱን ከፊት አስቀመጥኩ፤ ይሄ አንደኛ ሚዜ። ሦስት ከኋላ፤ ሙሽራ፣ ሙሽራው፣ ሁለተኛ ሚዜ። ጌትነት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሙሽራዋን ቀበቶ እሰሪላት እንጂ አለ። አሰርኩላት። አንዋር ራሱ የመኪናዋ ሻንጣ ውስጥ ከጓዙ ጋር ተጣበበ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጎማ አድርጎ። ጌትነት ነዳ፣ እኔ ከፊት ከሚዜው ማዳበሪያ ጎን ተጠጋግቼ።

አስፋልቱ ላይ ሰላም። ከዚያ ወደ ኮረኮንቹ ወጣን፤ የሐያት ቤት ከዋናው መንገድ የሚገባ ስለሆነ እንዲያ ያለ መንገድ መረጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ክርርር። ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተፋጨ። ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ቀጭኑ ጎማ ምንም አላቀለለልን፤ ቸርኬው ድንጋዩን በቀጥታ ነካው። ወርደን አየን። ጠርዙ ተጎድቷል። ጎማው ተልጧል። ሹፌሩን ይቅርታ ማለት የኔ ዕዳ ነው።

መንገድ ዳር ተቀመጥን። ከታች ጉም እየሞላ ነበር። ጌትነት መኪናዋን ሊያይ ሄደ፣ አውቆ።

አንዋር ጠጠር አንስቶ ወደ ጉሙ ወረወረ። ከዚያ፦

«እማዬ፣ እኔ ጎማ አምሮኝ አይደለም። መኪናዋን አይተው አባት የሌለው ነው እንዳይሉኝ ነው።»

ለዚህ የገበያ መልስ አይሆን።

«አባትህ ያቺ ናት» አልኩት፣ በአገጬ ወደ መኪናዋ። «ከነስንዴዋ።»

ሳቀ። ዓይኑን ጠረገ። አቧራ ነው አለ። አዎ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ገበያ

ባለ 15 ተገኘ። አራት ቀዳዳ፣ ቀላል፣ ያገለገለ፣ ስንጥቅ የሌለው። ከድሮው አንድ ኢንች ብቻ ይበልጣል። ጎማው ወፈር ያለ፣ ቁመቱ ከድሮው ጋር እኩል። ቁመቱ ስለገጠመ የድሮው ስኮርታ፣ ትርፍ ጎማውም፣ አብሮ ይሄዳል። ማዳበሪያዎቹን መልሰን ጫንን፣ ያንኑ ቁልቁለት፣ ያንኑ ግራ። ድምፅ የለም። ጉድጓዱ ላይ ስንዴው ብቻ ሸሽ አለ።

አንዋር ሦስቴ ዞራት። ትንሽ ነው አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ግን ይሆናታል አለ። ከሰዓት በኋላ በጨርቅ ሲወለውላት አየሁት፣ ኮፓ የወደቀበትን ጎን አስቀድሞ። ደሴ ደውሎ ኪራዩን ሰረዘ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ማታ

ነገ ነው። ጌትነት ማለዳ ወደ አቀስታ ይወጣል። ግቢው ድንኳን ነው፤ ሸራው በንፋስ ይተነፍሳል። መኪናዋ መሐል ቆማለች፣ ሪባን ታስሮባት። ቸርኬዋ የመብራቱን ብርሃን ይዞ ቀስ ብሎ ይመልሳል።

ከኋላ ወንበሯ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ሁሴን በሕልሜ በተቀመጠበት። ከዚያ ሲታይ ጥሩ መኪና ናት። ለልጅ ሰፊ ናት። ሐያት መምህርት ናት፣ ገጠር ትመላለሳለች፤ ባለ 17 ቢሆን ኖሮ አንድ ክረምት አትወጣም ነበር። ለአንድ ቀን የመረጥኩ መስሎኝ ለብዙ ክረምት መርጫለሁ።

ነገ በር ላይ አልወርድም ትላለች። ሰው አፌን ያያል። ጊደር ይጠብቃሉ፣ ወርቅ ይጠብቃሉ።

የሁሴንን የመኪና ቁልፍ ከሚስማሩ አውርጃለሁ፤ ጌትነት የሚነዳው በሁለተኛው ነው። ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሞቋል። ለአንዋር አልነገርኩም፣ ለአንተ ብቻ ነው። ቁልፉን ይዤ በመስኮቱ እጄን አስገባለሁና፣ ልጄ፣ የተቀመጥሽበት ያንቺ ነው፣ በይ አሁን ውረጂ እላታለሁ፤ ከዚያ ቁልፉን ይዛ ስትወርድ አያለሁ።