«ደህና ነው» ማለቴን በማስረጃነት ስለ ተቀበላችሁልኝ

ለተከበረው የጥገኝነት ጥያቄ መርማሪ ጽሕፈት ቤት፣
ባላችሁበት

ከጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ይህን ግልጽ ደብዳቤ እኔ የኬሚስትሪ መምህሩ የምጽፈው፣ ጤናችሁ የተሟላ፣ ቢሯችሁም የሞቀ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ ነው። በእኛ ዘንድ ለሰላምታ የሚመለሰው «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስለሆነ፣ እኔም እንደ ወጉ ደህና ነኝ፤ ይህን ቃሌን ግን እባካችሁ መዝገብ ላይ አታስፍሩብኝ።

ልጄ መዝሙር ያቀረበው የጥገኝነት ጥያቄ «የኢኮኖሚ ችግር ጥገኝነት አያሰጥም» ተብሎ ውድቅ ስለሆነና ወደ አገሩ ሊመለስ ስለ ተወሰነበት፣ ምስጋናዬን ከጥቂት ቅሬታ ጋር አቀርባለሁ።

፩. መዝሙር ከጎንደር አዲ አርቃይ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ የታላቅ ወንድሙ የማንያዘዋል ረዳት ነበር። ለጠያቂያችሁ የተናገረው፣ «ማንን እንደ ጫንን አንዱ ወገን ይጠይቀናል፤ ለምን እንደ ጫንን ደግሞ ሌላው፤ በዚህ ምክንያት መንገዱ ተዘጋ፣ ሥራም ጠፋ» ብሎ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ሥራም ጠፋ» የምትለዋን ብቻ ለይታችሁ ማውጣታችሁ፣ ዕድሜዬን በቤተ ሙከራ ሳጣራ ለኖርኩት ለእኔ እንኳን የሚያስቀና ችሎታ ነው።

፪. ጥይት የፈራ ሰው ሥራውን ትቶ ቤቱ ሲቀመጥ ይደኸያል። በእናንተ ሚዛን ግን የደኸየ ሰው ፈርቶ አያውቅም።

፫. ውሳኔያችሁ የተመሠረተው «ታላቅ ወንድሙ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሥራ፣ ያለ ችግር እየሠራ መሆኑን አመልካቹ ራሱ አረጋግጧል» በሚለው ላይ ነው። ልጄ አልዋሸም፤ እኔ በስልክ የነገርኩትን ነው የነገራችሁ። ማንያዘዋል ግን፣ መዝሙር ከተሰደደ በኋላ፣ ከየት እንደ ተተኮሰ እስከ ዛሬ ባልታወቀ ጥይት፣ መሪ እንደ ጨበጠ ሞቷል። በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። በሰው አገር ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠ ልጅማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ወንድሙን በጠየቀን ቁጥር እኔ «ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው» እያልኩ፣ እናቱ ይመኙሽም በስልክ ልትታየው ስትል ከሏን አውልቃ ነጭ ነጠላ እየለበሰች ከረምን። ከሐዘን ልናድነው ያልነውን ቃል ተቀብላችሁ ስለ ፈረዳችሁበት፣ ቤተሰባችንን ይህን ያህል ስላመናችሁት አመሰግናለሁ።

፬. ጠበቃው እንደሚለው፣ ይግባኝ ለማለት የማንያዘዋልን ሞት መዝሙር ራሱ በፊርማው ማቅረብ አለበት። ካልነገርኩት ወደዚያው መንገድ ይመለሳል። ልንገረው ብል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ዘመድ አጠገቡ የለም። ለዚህ የሚሆን መመሪያ ካላችሁ ብትልኩልኝ ደግሜ ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ እኔ የማውቀው አልቆብኛል።

ለማይዛነፈው አሠራራችሁ ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ፤

የአንድ ማስረጃና የአንድ ተመላሽ አባት፣
ሐብተ ማርያም አድማሴ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት፣ እሑድ ማለዳ፣ እዚያ ያሉ የአገሩ ልጆች ተሰብስበው መርዶውን እንዲነግሩት ለምኛቸዋለሁ። በዚያ ሳምንት ከእናንተ አንዱ ሊወስደው መጥቶ «እንዴት ነህ» ቢለው፣ እኛ ያሳደግነው ልጅ ነውና «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱ አይቀርም። ይህም ማስረጃ ይሁናችሁ።