ኑርሑሴን የታዘዘበት ቅዳሜ

ልጄ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። ኮምፒዩተሮቹ ባለመምጣታቸው ለሰፈሩ ልጆች የጀመርሁት የኮምፒዩተር ትምህርት አልቆመም። እንዲያውም አንተም እኔም ባላሰብነው መንገድ ሄዷል። ስለዚህ ቢሮህ ያረጁ ኮምፒዩተሮቹን ይሰጠናል ያልኸው ነገር ቀረ ብለህ የምትጨነቅ ከሆነ፣ ተወው። ይህን ካወቅህልኝ የቀረውን ረጋ ብለህ አንብብ።

እንዴት ሰነበትህልኝ? ጤናህስ? በወጉ ትበላለህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ሲገባ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ይነዘንዘኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ዓባይ ማዶም እንደተውኸው ነው፤ ጭቃው በዝቷል፣ ባጃጁም በዝቷል። ስልክህ አልነሣ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ በጎረቤታችን በሊድያ እጅ ልኬዋለሁ። ሰኞ ወደ ሥራዋ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች፤ ቤትህንም ታውቀዋለች።

በፋሲካ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ የጻፍህልኝን ገጾች አንድ በአንድ አስተምሬአቸዋለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቅደም ተከተሉ ልክ አልነበረም፤ ልጆች ድግግሞሽን ሳያውቁ ወደ ቅድመ ሁኔታ፣ ወደ "እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ"፣ መዝለል የለባቸውም። አስተካክዬዋለሁ። የቀረው ጥሩ ነው። የእጅ ጽሑፍህ ግን አሁንም አይነበብም።

አጀማመሩ አንተ እንዳልኸው ነው። በኮምፒዩተሩ ፈንታ አንዱ ልጅ ታዛዥ ይሆናል። ታዛዥ አያስብም፣ አይገምትም፤ የተነበበለትን ብቻ ይፈጽማል። ሌሎቹ ትእዛዞቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ይደረድራሉ። የአናጢው ልጅ ሕዝቅኤል፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ የመጀመሪያው ቀን ታዛዥ ሆኖ "በሩን ክፈት" ቢባል በሩ ፊት ተገትሮ ቀረ። ምነው ቢሉት "እጅህን አንሣ ያለኝ አለ?" አላቸው። ተናደዱበት። እኔ ግን ትምህርቱ እንደገባው ያን ጊዜ አወቅሁ።

ድግግሞሽን ለማስተማር ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸው። የዘጌ ጀልባ ጠሪ ተሳፋሪ እየጠራ ነበርና የጠሪውን ሥራ በአንድ ትእዛዝ ጻፉልኝ አልኋቸው። ዜማ የምትባለው ትንሿ "መቶ ጊዜ ዘጌ በል" ብላ ጻፈች። ሱንዱስ ግን ተመልክታው "ሰው ቶሎ ከሞላስ? ሐይቁ መሀል ሆኖም ሊጮህ ነው?" አለቻት። ከዚያ "ጀልባው እስኪሞላ ድረስ ዘጌ በል" ብላ አረመችላት። ጠሪው ለካ ይሰማን ኖሯል፣ "ካልሞላስ፣ እዚሁ ልደር?" ብሎ አሳቀን። ሱንዱስ አልሳቀችም። ጥያቄውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ በማግሥቱም "መሸ ከተባለ አቁም" የሚል ካርቶን ጨምራ መጣች። ቅድመ ሁኔታን ገና አላስተማርኋቸውም ነበር።

ሱንዱስ የኑርሑሴን ልጅ ናት። ኑርሑሴንን ታስታውሰዋለህ፤ ድልድዩን ተሻግረህ ጥጉ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው፣ እኔም ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርሁት ነው። ካርቶኑን የምታመጣልን ከእሱ ሱቅ ነበር፤ ነገሩም የመጣው ከካርቶኑ ነው። ባለፈው ዐርብ ከጁምዓ ሲመለስ ቤት መጣ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለኝ። ቆሞ "ቲቸር፣ አይቀየሙኝ" ብሎ ጀመረ። "ልጄ ኮምፒዩተር ትማራለች ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አሁን የታለ ኮምፒዩተሩ ይሉኛል። የጨርቅ ካርቶን ነው ልበላቸው? ኑርሑሴን ልጁን ዋና የሚያስተምራት ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ ነው እያሉ ሱቄ ድረስ መጥተው ይስቁብኛል" አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሱንዱስ ትምህርቱን ትታ ሱቅ እንድትረዳው መወሰኑንም ነገረኝ።

በማስተማር ዘመኔ እንደዚህች ያለች ጠያቂ ብዙ አላጋጠመችኝም። ከእጄ ልትወጣ ነው። ሆኖም አልተከራከርሁትም፤ አባት ነው። "ነገ ቅዳሜ ነው። አንድ ጊዜ መጥተህ እይ፤ ከዚያ የመሰለህን አድርግ" አልሁት። ሱንዱስ ከኋላው ቆማ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ዘንቦ አባራ። ልጆቹ ግቢያችን ውስጥ ትእዛዞቹን ከደረደሩ ቆይተዋል፤ ታዛዡ ከበሩ ተነሥቶ ማንጎው ሥር ይደርሳል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ኩባያ ያነሣል። ሕዝቅኤል ታዛዥ ሊሆን ሲል፣ ሊያይ የመጣው ኑርሑሴን "እኔ ልሁን" አለ። ልጆቹ ተመካክረው የሚያስመስሉ መስሎት ይመስለኛል። ጫማውን አስጠርጎ ነበር የመጣው።

ስለዚህ ሕዝቅኤል አንባቢ ሆነ። ካርቶኑ "ሂድ" ይላል፤ እሱ ግን "ጋሼ፣ ይሂዱ" እያለ ያነባል። የተጻፈውን አንብብ ልለው አሰብሁና ተውሁት። "ወደ ፊት ስምንት እርምጃ ይሂዱ" አለው። ኑርሑሴን መቼም ቁመቱን ታውቀዋለህ። በልጆቹ እግር ስምንት እርምጃ ማንጎው ሥር ያደርሳል። እሱ ማንጎውን በአምስተኛው አለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቧንቧው ሥር የተጠራቀመው ውኃ ነው።

ልጆቹ ተንጫጩ። ዜማ ሮጣ ክንዱን ይዛ "በጎን በኩል ይለፉ ጋሼ" አለችው። ትልቅ ሰው ጭቃ ሲገባ ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ እኛ ሰፈር አላደገም፤ እኔም ራሴ "ተመለስ" ልል ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። ሱንዱስ ግን "ልቀቂው" አለቻት። "አሁን ጋሼ አይደለም፣ ታዛዥ ነው። ካዳንነው ስህተቱ የት እንደሆነ አናውቅም።"

አባትና ልጅ ተያዩ። ኑርሑሴን ውኃውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ዓይኗን አልሰበረችም። እሱም የቀረውን እርምጃ ተራምዶ ውኃው ውስጥ ቆመ። እስከ ካልሲው ገባ።

ሌላ ትእዛዝ አልተነበበለትምና ከዚያ አልወጣም። "እህስ?" አለ። "ውኃ ውስጥ ያለሁት እኔ፣ ዝም ያላችሁት እናንተ?" ያን ጊዜ ሕዝቅኤል ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ካርቶኖቹ ሁሉ ከእጁ ተበተኑ።

ሱንዱስ ቁጢጥ ብላ ጭቃው ላይ የቀረውን የአባቷን ዱካ በራሷ እግር ለካችው። ቀና ብላም "ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ እርምጃው ነው የተለየው። እኛ የጻፍነው በእኛ እግር ነው" አለች። ካርቶኑን ገልብጣ "ማንጎው ሥር እስክትደርስ ድረስ ተራመድ" ብላ ጻፈች። "አሁን ዜማም ትሁን አባም ይሁን ይደርሳል" አለችና ወደ አባቷ ዞራ "አባ፣ ወደ በሩ ተመለስ፤ ከመጀመሪያው ነው" አለችው። ተመለሰ። ጫማው በየእርምጃው ጭቅ ጭቅ እያለ ማንጎው ሥር ደረሰ፣ ታጠፈ፣ ኩባያውን አነሣ። ልጆቹ ያጨበጨቡት ጭብጨባ እስከ መንገዱ ተሰምቷል።

ልጄ፣ ስህተቱን እኔም አላየሁትም ነበር። ያንኑ ካርቶን በልጆች እግር ሲሠራ ደጋግሜ አይቼ ልክ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አንተ ዲግሪህን ስትቀበል ያለቀስሁትን ታስታውሳለህ። ቅዳሜ ያን ያህል አላለቀስሁም፤ ግን መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ነበረብኝ።

ኑርሑሴን ቧንቧው ላይ ጫማውን ሲያጥብ "ሱቁን እኔው እጠብቃለሁ" አለኝ። "ኮምፒዩተሩ የታለ ካሉኝም እኔ ነበርሁ እላቸዋለሁ።" ቀጥሎም "ከዚህ በኋላ የምትማረው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ገጾችህን ጨርሼአቸዋለሁ። ትእዛዝን፣ ድግግሞሽን፣ ቅድመ ሁኔታን፣ ስህተት ፍለጋን ደረስንበት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። የማላውቀውን አስተምሬ አላውቅም። "ልጄን እጠይቀዋለሁ" አልሁት። ሱንዱስ ወዲያው "መቼ?" አለችኝ።

ለዚህ ብዬ ረቡዕ ዕለት ቢሮህ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ስምህን ስነግራት "እሱ እኮ እዚህ መሥራቱን..." ብላ አቋረጠችና ስልኩን ለጓደኛህ ለቴዎ ሰጠችው። ቴዎም "ደህና ነው እማማ፣ ራሱ ይደውልልዎታል" አለኝ። ልጅ የጓደኛውን አደራ ሲጠብቅ ድምፁ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስሰማው ኖሬአለሁ። ጨዋ ልጅ ነው። ምንም አልጠየቅሁትም፤ አንተንም አልጠይቅህም። ለጊዜው ግን ምንም እንዳትልክልኝ፤ ጡረታዬ ይበቃኛል። ክፍልህን አስጠርጌዋለሁ። ፍራሹንም ፀሐይ በወጣ ጊዜ ውጭ አውጥቼ አናፍሼዋለሁ፤ ክረምት ነው፣ ይሻግታል። ደግሞም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ በዝተውብኛል። ለሁለት ከፍለን ብናስተምራቸው ይሻላል፤ ለዚያ ግን ሁለት መምህር ያስፈልጋል።

እመቤታችን በወጣህበት በገባህበት ትጠብቅህ። የልፋትህን ዋጋ አታሳጣህ። ሰው ፊት አታሳፍርህ፣ እኔ ፊትም አትፈር።

ቀጣዩን ትምህርት በሚነበብ ጽሑፍ ጽፈህ ላክልኝ፤ ወይም ራስህ ይዘኸው ና። ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛልና፣ ከዚያ በፊት መልስልኝ።

እናትህ